የንግሥት ኬቴቫን እምቢታ

ሰው ለወገኑ ሰላም ሲል እምነቱን በአፉ ብቻ ቢክድ ይፈረድበታልን? ይህ ጥያቄ ከጥንት ሰማዕታት ዘመን ጀምሮ ምእመናንን ሲያስጨንቅ ኖሯል። የ17ኛው መቶ ዓመት የጆርጂያ ነገሥታት ታሪክ ጥያቄውን ፊት ለፊት ስለሚያቀርብልን፣ ከውድ አንባብያን ጋር ጥቂት ልንመለከተው ወደድን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆርጂያ በካውካስ ተራሮች ሥር የምትገኝ ጥንታዊት ክርስቲያናዊት አገር ናት። በዚያ ዘመን ተከፋፍላ፣ በኦቶማን ቱርክና በፋርስ ኃይል መካከል ትጨነቅ ነበር። የምሥራቁን ክፍል፣ ካርትሊንና ካኬቲን፣ የፋርሱ ሻህ አባስ ቀዳማዊ በእጁ ሊያስገባ ቆርጦ ተነሣ። በ1614 የካኬቲው ንጉሥ ተይሙራዝ እናቱን ንግሥት ኬቴቫንን ለድርድር ላካት፤ ሁለት ልጆቹንም መያዣ አድርጎ ሰጠ። ሻሁ ግን ልጆቹን አሰለባቸው፤ ሁለቱም ሞቱ። ካኬቲንም ባድማ አደረጋት፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ አስገደለ፣ ብዙውንም ወደ ፋርስ አፈለሰ።

ንግሥቲቱ በሺራዝ ከተማ ዐሥር ዓመት ያህል በግዞት ቆየች። በ1624 ክርስትናዋን እንድትክድ ታዘዘች። እምቢ ባለች ጊዜ በእሳት በጋለ ብረት አሠቃይተው ገደሏት። ከእርሷ ሁለት ዓመት በፊትም የካርትሊው ንጉሥ ሉዋርሳብ ካልእ እምነቴን አልለውጥም በማለቱ በግዞት ታንቆ ሞቶ ነበር።

ሌላ መንገድ የሄደም አለ። በፋርስ ያደገው የጆርጂያ ንጉሣዊ ዘር ሮስቶም ሙስሊም ሆኖ፣ ከ1633 እስከ 1658 ካርትሊን በሻሁ ሥር ገዛ። በዘመኑ አገሪቱ አንጻራዊ ሰላም አገኘች፤ ክርስቲያን የሆነችው ንግሥት ማርያም ቤተ ክርስቲያንን ስትረዳ አልከለከላትም፤ የምጽኼታ ታላቅ ካቴድራልም ታደሰ።

እንግዲህ ማን ይበልጥ ጠቀመ? ሚዛኑ ጥቅም ብቻ ቢሆን ሮስቶም ይከብዳል። እኛም በእርሱ ላይ ለመፍረድ አንደፍርም፤ ጴጥሮስም ጌታውን ክዶ ምሕረት አግኝቷል። ነገር ግን ከኬቴቫን የተጠየቀው ሌላ ነበር። አገሯ ጠፍቶ፣ የልጅ ልጆቿ ተወስደው፣ ሥጋዋ በእስር ነበር። ሻሁ ያልያዘው ሕሊናዋን ብቻ ነው። እርሱን ብትሰጥ ካኬቲን አታድንም ነበር። ስለዚህ እምቢታዋ የትርፍና የኪሳራ ስሌት አልነበረም፤ ሕሊና የእግዚአብሔር እንጂ የንጉሥ ርስት አለመሆኑን መመስከር ነበር።

በሺራዝ የነበሩ የአውግስጢኖስ ማኅበር ፖርቱጋላውያን መነኮሳት አፅሟን በክብር አነሡ። ከፊሉን ለልጇ፣ ከፊሉን ወደ ሕንድ ጎዋ አደረሱ። ያደገችው በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ባይሆንም ሰማዕትነቷን አከበሩ። በጎዋ ፍርስራሽ ውስጥ ከተገኘው አፅም ከፊሉን ሕንድ በ2021 ለጆርጂያ አስረክባለች።

በዚህ ብቻ ልንኮራ ግን አይገባንም። በዚያው ዘመን፣ በ1625፣ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ በዚያችው በጎዋ በኩል ወደ አገራችን መጣ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በሥልጣን በሕዝቡ ላይ ስለጫነ፣ በ1632 ዐዋጁን እስኪሽር ድረስ ብዙ ደም ፈሰሰ። በሺራዝ እምቢ ያለችውን የምናከብር ከሆነ፣ በላስታ ለአባቶቻቸው እምነት የወደቁትንም በአክብሮት ማሰብ ይገባናል። ጥፋቱ የአንድ ሃይማኖት ሳይሆን፣ ሕሊናን ልግዛ የሚል ሥልጣን ነውና። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 ማንም ሰው በእምነት ነገር እንዳይገደድ በግልጥ አስተምሯል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ በሥቃይ ፊት የደከመውን ለእግዚአብሔር ምሕረት እንተወዋለን፤ የጸናውንም ከንቱ ሞተ አንልም፤ አስገዳጁን ግን፣ የእኛ ወገን እንኳ ቢሆን፣ ልክ ነው ልንል አንችልም። ለልጆቻችን የሰማዕታትን ታሪክ ስናስተምር፣ ሦስቱንም አብረን እናስተምር።