ታንኳና ምርጫ

«ትንሽ ጀልባ ውቅያኖስ ትችላለች ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው ጀልባዋን ነው፤ እንጨቷን፣ ገመዷን፣ ርዝመቷን። ለእኛ ግን ጥያቄው እዚያ ላይ የሚያበቃ አይመስለንም።

በ1969 እ.ኤ.አ. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና ሐይቅ ደንገል አስጭኖ ግብፅ ውስጥ፣ ከፒራሚዶቹ አጠገብ፣ «ራ» የተባለችውን ታንኳ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች አሠራ። ከሰባት አገር የተውጣጡ ሰባት ሰዎች ተሳፍረው ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ አትላንቲክን ሊሻገሩ ተነሡ። ታንኳዋ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ የኋላ ጫፏ ውሃ እየጠጣ ሰመጠ፤ ደንገሉም ይፈታ ጀመር። ባርቤዶስ ሳይደርሱ ትተዋት በሌላ ጀልባ ተሳፈሩ። በዓመቱ ግን ጉድለቷ ታርሞ በቦሊቪያ አይማራዎች እጅ የታሰረችው «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

የጣና ባለታንኳ ይህን ቢሰማ ብዙ የሚደነቅ አይመስለንም። ታንኳ ውሃ እንደምትጠጣ ያውቃል፤ ቀዝፎ ሲመለስ ዳር አውጥቶ ያደርቃታል። እንግዲህ የታንኳዋ ደኅንነት ግማሹ ያለው የብስ ላይ ነው ማለት ነው። ውቅያኖስ መሐል ታዲያ ዳር ከየት ይመጣል?

ይሁን እንጂ በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. በየመን ሻብዋ ጠረፍ የሆነውን እናስብ። አሻጋሪ ደላሎች የኢትዮጵያና የሶማሊያ ወጣቶችን አስገድደው ከባሕር ጣሏቸው፤ ብዙዎች ሰጠሙ። ልብ በሉ፣ እዚያ የሰጠመ ጀልባ የለም! እንጨቱ ደኅና ነበር፤ የከዳው ሰው ነው።

«ወደው አይደል የገቡት?» የሚል አይጠፋም። ኧረ እንዴት ነው ነገሩ! ሄየርዳልም ወዶ ነው የገባው፤ እሱ ግን ራዲዮ ነበረው፣ ጉዞውን ማዘግየት ይችል ነበር፤ ሳይሳካለት ሲቀር ደግሞ በዓመቱ ሌላ ታንኳ አሠራ። ስሕተቱ ትምህርት ሊሆነው የቻለው መሳሳት ስለተፈቀደለት ነው። ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ ሌሊት የሚሳፈረው ልጅ የቤተሰቡን በሬ አሽጦ የመጣ ከሆነ ግን «ማዕበሉ አላማረኝም፣ ልመለስ» ቢል ወዴት ይመለሳል? ይሄን ምርጫ ከዚያኛው ጋር በአንድ ስም መጥራት ለእኛ የቃል ስንፍና ነው።

እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ላይ፣ ዓሣ አስጋሪው ነፋሱን አይቶ «ዛሬ አልገባም» ሊል ይችላል። መረቡን በዱቤ የገዛውስ ስንት ቀን እንዲህ ማለት ይችላል?