ሰንጢ ለምትገዙ ልጆች

ልጆቼ፣ በሐሙሲት ገበያ ሰንጢ ስታገላብጡ «ክፉ ቀን ቢመጣ ይሆነኛል» ብላችሁ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አሠራሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ብዙው ሰንጢ ስለቱን ከፍቶ የሚይዝለት ስፕሪንግ ብቻ ነው፤ ቁልፍ የለውም። ገመድ ስትቆርጡበት ግፊቱ ስለቱን ይበልጥ ስለሚከፍተው ችግር የለም። ሲወጉበት ግን ጫፉ ከአጥንት ወይም ከወፍራም ጋቢ ጋር ሲጋጠም ታጥፎ የሚመጣው በያዡ ጣቶች ላይ ነው። ቁልፍ ያለውም ቢሆን እጀታው ላይ እጅ የሚያግድ ነገር ብዙውን ጊዜ ስለማይኖረው፣ ላብ ወይም ደም የነካው እጅ ተንሸራቶ ስለቱን ይጨብጣል። አጥቂውም ቢሆን ከኪስ አውጥታችሁ በጥፍር ፈልቅቃችሁ እስክትከፍቱ ቆሞ አይጠብቅም።

«ባልወጋበትም ያስፈራልኛል» የሚል አለ። የሚፈራ ይኖራል፤ ያልፈራው ግን ድንጋይ ያነሣል ወይም የራሱን ይመዛል፤ በጡጫ ያልቅ የነበረው ጸብም የነፍስ ጉዳይ ይሆናል። «ጭኑን ብቻ ነው የምወጋው» የሚለውማ ከሁሉ የባሰ ነው። ጭን ውስጥ ትልቅ የደም ሥር ያልፋል፤ እሱ ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ አልቆ ሊሞት ይችላል። ከሐሙሲት እስከ ባሕር ዳር ሆስፒታል ያለውን መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፤ የሚፈቅደው ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ሳይቻል ሲቀርና መከላከሉም ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው። ባዶ እጁን የመጣን ሰው በስለት የወጋ ይህን ለዳኛ ማስረዳት ይከብደዋል፤ በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ፍርድ ቤቱ ሲጨርስም በእኛ አገር ነገሩ አያልቅም። ሟች ወንድም አለው፤ ሽማግሌ ገብቶ እርቅ እስኪወርድ ድረስ ምንም ያላጠፋው የገዳይ ወንድም ገበያ መውጣት ይፈራል።

«ታዲያ የበሬ ዋጋ ይዤ ስመለስ እጄን አጣጥፌ ልዘረፍ?» ይህ የምር ጥያቄ ነው፤ ዘመኑም ክፉ ነው። ነገር ግን ጠመንጃ ለያዘ ዘራፊ ሰንጢ ምኑም አይደለም። ብሩን በባንክ ወይም በቴሌብር ተቀበሉ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመንደራችሁ ሰው ጋር ተመለሱ። ዘራፊ ከገጠማችሁም ብሩን ስጡ፤ በሬ ይተካል።

ለሥራ ከሆነ ግን ሰንጢ ደግ ዕቃ ነው። ጆንያ ይፈታል፣ ገመድ ይቆርጣል፣ ሸንኮራ ይልጣል። ስለቱ ከመዳፋችሁ ስፋት የማይበልጥ፣ ሲከፈት የማይወላገድ፣ ሲዘጋም ጫፉ ከእጀታው የማይወጣ ምረጡ። ቁልፍ ያለው ከተገኘ ለጣታችሁ ይሻላል። ሎሚ ከቆረጣችሁበት ቶሎ አድርቁት፣ ይዝጋል። በየጊዜው ሳሉት፤ የዶለዶመ ስለት ኃይል ስለሚጠይቅ አምልጦ የሚቆርጠው ባለቤቱን ነው። ጠላ ቤት፣ አረቄ ቤትና ሠርግ ስትሄዱ ግን ቤት አስቀምጡት።