በቪዲዮ የተያዘ ማሲንቆና የሚያመልጠው ወርቅ

ባህላዊ ሙዚቃን በቪዲዮ ቀርጾ በቤተ መዛግብት ማኖር ቅርስን ከመጥፋት መታደግ ነው የሚለው አስተሳሰብ፣ የሚድነው ነገር ምን እንደሆነ ሳይመረመር ብዙ ጊዜ እንደ ታወቀ እውነት ይወሰዳል። ጥያቄው በማሲንቆ ላይ ሲነሣ ይበልጥ ይከብዳል፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ያለውና በደጋን የሚገዘገዘው ይህ መሣሪያ በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ አዝማሪዎች እጅ፣ በትግራይም ጭራ ዋጣ ተብሎ የኖረው፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው ሰዓት ከሚፈጠር ግጥም ጋር ተጣምሮ ነውና።

ምስል ለእጅ ሥራው ትልቅ ባለውለታ መሆኑ አያከራክርም። ማሲንቆ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ ስለሌለው የግራ እጅ ጣቶች ክሩን ከአንገቱ ጋር ሳያጣብቁ ነካ እያደረጉ ድምፁን ይለዋውጣሉ፤ መሣሪያውም የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ እንዲስማማ ነው። ስለዚህ ኖታ የትዝታን ወይም የባቲን ቅኝት፣ ማለትም የድምፆቹን አደራደር፣ ቢያሳይም ጣቱ የት እንደሚያርፍና ደጋኑ ምን ያህል እንደሚጫን አይነግርም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ በሸክላ ያስቀረጹት ዜማ ድምፃቸውን አቆይቷል፤ ፊታቸውንና የእጃቸውን እንቅስቃሴ ግን ሊያቆይ አልቻለም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለዚህ ጉዳይ የሚረዳ ልዩነት አለው። ዜማ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ባደራጁት ምልክት እየተጻፈ ሳይለወጥ እንዲተላለፍ ሲጠበቅ፣ ቅኔ ግን ለየዕለቱ በዓል አዲስ ሆኖ እንዲቀርብ ይፈለጋል፤ የትናንቱን መድገም ባለቅኔውን አያስመሰግነውም። የአዝማሪ ጥበብ ከሁለቱም ወገን ነው፤ ቅኝቱና የደጋን አሳሳቡ እንደ ዜማ ሊያዙ ይችላሉ፣ ግጥሙ ግን በባሕርዩ ወደ ቅኔው ያደላል፤ ቤተ መዛግብት ይህን ካልለየ አንዱን ምሽት ለጠቅላላው ጥበብ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የዩኔስኮ ስምምነትም የማይዳሰስ ቅርስን ማኅበረሰቡ ያለማቋረጥ እንደገና የሚፈጥረው ነገር አድርጎ መተርጎሙ ከዚህ ጋር ይስማማል።

አድማጩ ከተቀመጠበት ስንኝ ወርውሮ «ተቀበል» ሲል አዝማሪው እየተቀበለ ያዜማል፤ እንግዲህ የግጥሙ ደራሲ ሁለት ነው። በሰምና ወርቅ የተነገረው ቃል ሰሙን፣ ማለትም የላይኛውን ፍቺ፣ ለማንም ሲያሳይ፣ የተሰወረው ወርቅ የሚገባው በዚያ ቤት ማን እንደተቀመጠና ማን እንደተነካ ለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ካሜራው በአዝማሪው ጣቶች ላይ ብቻ ሲተከል ሰሙ ይቀራል፣ ወርቁ ያመልጣል፤ ታዳሚውን የማያሳይና ማን ለማን እንደተናገረ የማይመዘግብ ቀረጻ፣ ምንም ያህል ጥራት ቢኖረው፣ ለቋንቋው ባለቤትም ከፊሉ የተዘጋ ነው።

ይሁንና ታዳሚውንም መቅረጽ ሌላ ጣጣ አለው። አዝማሪ ባለሥልጣንን በአደባባይ ለመሸንቆጥ የነበረው ድፍረት በከፊል የሚመነጨው ቃሉ ከሳቁ ጋር አብሮ ከመበተኑ ነው፤ የተናገረው ሁሉ ነገ በማስረጃነት ሊቀርብ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ግን የሚመርጠው ስንኝ የለዘበ ይሆናል። ፈቃዱን መጠየቅና የተቀረጸውን ማን መቼ እንደሚያየው እንዲወስን ማድረግ ፍርሃቱን ይቀንስለታል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርለትም፤ በቤተ መዛግብት የሚገኘውም ካሜራው ከመምጣቱ በፊት የነበረው ጥበብ ይሁን ካሜራው ራሱ ያረመው፣ ከፊልሙ ብቻ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።