ተዝካር በብስክሌት



በእንግሊዝና በአሜሪካ በአልዛይመር ሕመም የሞቱ ወላጆቻቸውን ለማሰብ ረጅም መንገድ በብስክሌት የሚጓዙ ልጆች አሉ። ዘመድና ባልንጀራ ለጉዟቸው የአቅሙን ይሰጣል፤ ገንዘቡም ለሕመሙ ምርምር ይውላል። ይህ የባለጸጎች አገር ጨዋታ ነው የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። እኛ ግን ተዝካር ሆኖ ታይቶናል፤ ማስታወስን በሚነጥቅ ሕመም ለሞተ ሰው ከዚህ የሚስማማ መታሰቢያ ከወዴት ይገኛል?

ሕመሙን ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ገለጸው። እርግማን አይደለም፤ የርኩስ መንፈስ ሥራም አይደለም። በአንጎል ውስጥ ፕሮቲኖች ያለ አግባብ እየተከማቹ ሕዋሳቱ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደው ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒትም የሕመሙን ጉዞ ጥቂት ያዘገያል እንጂ አይፈውስም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች 57 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ ከጀዊም የራቀ አይደለም። በጎርፍ ከተጥለቀለቀው ከሌይችዎር የተነሡ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ2015 በጀዊ መጠለያ ሰፈሩ። በዚያ አንዲት አረጋዊት ማታ ማታ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ብትል ሰሚው ሁሉ የአገር ናፍቆት ነው ይላል፤ ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን የገዛ ልጇን «አንቺ ማን ነሽ?» ካለቻት፣ የበላችውንም ወዲያው ከረሳች፣ ካቴኪስቱ ቤተሰቡን ወደ ጤና ጣቢያ ይምራ። «እንዴት ይጠፋሻል?» ብሎ መሟገት እርሷን ያስጨንቃታል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። የቅርቡ ሲጠፋ የጥንቱ ብዙ ጊዜ ይቆያልና፣ በልጅነቷ የዘመረችውን መዝሙር አብረናት እንዘምር። መጽሐፈ ሲራክም በ3ኛው ምዕራፍ ስለ አባት እርጅና ሲናገር፣ አእምሮው ቢደክም እንኳ ልጁ እንዲታገሠው ያዛል።

ይህ ትዕግሥት ሌሊቱን ሳትተኛ ለምታድር ልጅ ቀላል አይደለም። እናት ካረፈች በኋላ ለተዝካሯ ተበድረን የምንደግስ ሰዎች፣ በሕይወት ሳለች ለአስታማሚዋ የግማሽ ቀን ዕረፍት እንኳ ሳንሰጣት መቅረታችን ያሳዝናል። በየቁምስናችን የሚቀጥለው ተዝካር ሲታሰብ ከድግሱ ወጪ ጥቂቱ ለእንዲህ ያለ ቤት ይከፈል። ብስክሌት ያለው ወጣትም ለአስታማሚዋ ውኃ ያመላልስላት።