ቱሳሔ፣ ሚጠት፣ ውላጤ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ሀገር ጠጅ ሲጣል ቀርቦ የተመለከተ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከምሥጢረ ሥጋዌ የሚያርቋቸውን ቱሳሔንና (መቀላቀልንና) ውላጤን (መለወጥን) በአንድ ጋን ውስጥ ያገኛቸዋል፤ ማሩ በውኃ ተበጥብጦ ብርዝ ሲሆን ጣፋጭነቱ አልጠፋምና ነገሩ ቱሳሔ ነው፣ ጌሾው ገብቶ ሲፈላ ግን እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለውጠው ባሕርዩ ራሱ ሌላ ሆኗል፤ ይህ ውላጤ ነው።

የዛሬው ተማሪ እነዚህን ሁለቱን አካላዊና ኬሚካዊ ለውጥ ብሎ ይለያቸውና፣ አካላዊ ለውጥ የሚመለስ፣ ኬሚካዊ ለውጥ የማይመለስ ነው ብሎ ይቈርጣል፤ እኔ ግን መለያው መመለስ አይመስለኝም። በምድጃ ዳር የቀለጠ ቅቤ ሲበርድ መርጋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የብረት አፈርም በከሰል እሳት ኦክስጅኑን ተነጥቆ ብረት ይሆናል። ሊቃውንቱ በኦሪት የተጻፈው የግብፅ ውኃ በእውነት ደም ከሆነ በኋላ ወደ ውኃነቱ መመለሱን ሚጠት ብለው ከውላጤ ለይተው መጥራታቸው፣ ይህን የመመለስ ጥያቄ አስቀድሞ የነካ ነው።

ሊቃውንቱ ለተዋሕዶ፣ መለኮትና ሥጋ ሳይቀላቀሉና ሳይለወጡ አንድ ለመሆናቸው፣ የሚሰጡት ምሳሌ የጋለ ብረት ነው፤ እሳቱ ብረት፣ ብረቱም እሳት አልሆነምና። ይሁን እንጂ (ምሳሌ ዘየሐጽጽ፣ ጐዶሎ ምሳሌ፣ እንዲሉ) በቡሬ ገጠር ቀጥቃጩ የጋለውን ማረሻ በመታ ቍጥር የሚረግፈው ጥቁር ቅርፊት፣ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ብረትነቱን ያጣው ክፍል ነው።