እንጀራችን በማን እንባ ተቦካ?



ኮልቾ በኦሞ ወንዝ አፋፍ ላይ ያለች የካሮ ሕዝብ መንደር ናት። ጠመንጃውን በትከሻው፣ ቦርኮቶውን (ሲቀመጥ በርጩማ፣ ሲተኛ ትራስ የሚሆነውን እንጨት) በእጁ ይዞ ከብት የሚጠብቅ ጎልማሳ እዚያ ብርቅ አይደለም። መሣሪያው ለምን እንደሆነ ብትጠይቁት ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ወንድሙ ይነግራችኋል። ሰው ልበድል ብሎ ጠመንጃ የሚያነሣ ጥቂት ነው። በደሉ ግን ይደርሳል። እንዴት?

በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከካፋ ተነሥቶ በኦሞ ምዕራብ በኩል እስከ ቱርካና ሐይቅ ወረደ። የንጉሡ ሐሳብ እንግሊዝ ሳይቀድም ድንበር መትከል ነበር። ተራው ወታደር ግን ክፉ ቀን የተባለው ዘመን በሬውን የጨረሰበት ገበሬ ነው፤ ደቡብን ያየው በእህልና በመሬት ተስፋ ነው። ደመወዝ በብር አይቆረጥለትም፤ እንደ ማዕረጉ ገባር ይመደብለታል። ገባሩ ያርስለታል፣ እንጨት ይሸከምለታል፣ ሚስቱ ትፈጭለታለች። ግብሩ ሲያቅተው ልጁን ያጣ ገባርም ነበር፤ ማጂና ጊሚራ በባሪያ ፈንጋይ ተራቆቱ። እንጀራ ፍለጋ የወጣው ሰው፣ ሳያስበው የባርነት ክንድ ሆነ።

በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በነበረው የሰሜንና የደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት እንዲሁ ሆነ። ከደቡብ ወታደሮች አብዛኞቹ የራሳቸው ባሪያ አልነበራቸውም። አንዱ ለቀዬው፣ አንዱ ለጓደኛው፣ አንዱ ፈሪ እንዳይባል፣ ሌላው ከጥቁር በላይ መቆጠሩ እንዳይቀርበት ተዋጋ። የጠበቁት ሥርዓት ግን ወደ 4 ሚሊዮን ሰዎችን በባርነት ይዞ ነበር። ከወዲያኛው፣ ከሰሜኑ ወገን ወደ 180 ሺህ ጥቁሮች ተሰልፈዋል፤ ብዙዎቹ ትናንት ባሪያ የነበሩ ናቸው። እነርሱ የሚዋጉለትን ነገር ማንም አላስተማራቸውም፤ ጀርባቸው ያውቀዋል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ወታደሮች ወደ ዮሐንስ መጥምቅ መጥተው ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ጠየቁት። እርሱም ማንንም እንዳይገፉ፣ በሐሰት እንዳይከሱ፣ በደመወዛቸው እንዲረኩ አዘዛቸው። ግፍንና ደመወዝን አብሮ ማንሣቱ በከንቱ አይደለም። ግፍ ብዙ ጊዜ የሚገባው በእንጀራ በር ነው።

በአገራችን ባርነት ጨርሶ በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ከገጠር ያመጣናት ልጅ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ትምህርት ጎንበስ ብላ የምታድርበት ቤት ካለን፣ አዋጁ ደጃችንን አላለፈም። «እኔ ክፉ አላሰብኩም» ማለት አይበቃም፤ ያ ወታደርም አላሰበም። ደመወዜን የሚከፍለው ማን ነው? እኔ ስጠግብ ማን ይራባል? ብለን እንጠይቅ።

ወገኖቼ፣ ቦርኮቶ የሚይዘው አንድ ራስ ብቻ ነው። ማታ ጋደም ስንል ያዘዘን አለቃ፣ ያጨበጨበልን ጓደኛ አብሮን አይተኛበትም። እግዚአብሔር ሳንፈራ የምንተኛበትን እንጀራ ይስጠን። አሜን።