ወጪት ሰባሪ ማን ነው?

በአገራችን ውለታን የሚረሳ ሰው «ወጪት ሰባሪ» ይባላል፤ ወጥ የበላበትን ወጪት የሚሰብር ማለት ነው። ስድቡ ከባድ ስለ ሆነ፣ በማን ላይ እንደምናውለው አስቀድመን ልንመረምር ይገባናል። በተለይም በሌላ ሰው ገንዘብ ከአገሩ ርቆ የሚማር ወጣት፣ ዕውቀቱ እየሰፋ አንደበቱም እየተፈታ በሄደ መጠን ይህ ስም ቶሎ ይለጠፍበታል። ለመሆኑ የነጻ ትምህርት ተማሪ ዕዳው ለማን ነው? የሚከፈለውስ በምንድን ነው?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በራሳችን አገር የሆነውን እናስታውስ። 8 ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት በአክራ በተሰበሰቡበት በ1950 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከዚያም በኋላ ገና በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ከነበሩት ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከታንጋኒካ ጭምር ብዙ ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ መጡ። ቋንቋውም ምግቡም የደጋውም ብርድ እንግዳ ሆኖባቸው ሳለ በርትተው ተማሩ። በዚያው ዘመን ከኪሱሙ አካባቢ መጥተው በአዲስ አበባ የተማሩት ሮበርት ኡኮ በ1954 ዓ.ም. ተመርቀው፣ ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል።

ይሁን እንጂ የእነዚያ እንግዶች ፍሬ በፈተና ውጤት ብቻ የሚለካ አልነበረም። በአገራቸው የፖለቲካ ማኅበርንና የሠራተኛ ማኅበርን ትግል ያዩ ስለ ነበሩ፣ ስለ መንግሥት ሥራ በግልጽ መከራከርን ያውቁ ነበር። በነጻነቱ የሚኮራው የእኛ ተማሪ ግን ቅኝ ከተገዛው ባልንጀራው ያነሰ የመናገር ልማድ እንዳለው ሲያይ ደነገጠ። የታሪክ ጸሐፍትም የኢትዮጵያን ተማሪዎች ካነቁት ምክንያቶች መካከል የእነዚህን እንግዶች መምጣት ይቈጥሩታል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎቻችን «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ።

እንግዲህ ነገሩን በጋባዡ ዓይን የሚያይ ሰው፣ «ያጎረሰ እጅ ተነከሰ» ሊል ይችላል። አባባሉም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ውለታን ማክበር የጨዋ ምልክት ነው፤ ለመታየት ሲል ብቻ አስተናጋጁን የሚያዋርድ እንግዳም ስድቡ ይገባዋል። ነገር ግን ያጎረሰው እጅ የማን እንደ ነበረ መጠየቅ አለብን። ዕድሉን ያስታወቀው መንግሥት ነው፤ የመንግሥትን ግምጃ ቤት ከሚሞሉት አንዱ ግን ዐሥራትና ግብር የሚከፍለው፣ ከ1940 ዓ.ም. ወዲህም የትምህርት ግብር የተጨመረበት ባላገር ነበር። የአብዛኛው ባላገር ልጅ ደግሞ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ስለዚህ ስለ አራሹ ኑሮ የጠየቀ ተማሪ ወጪት አልሰበረም፤ ይልቁንም ወጪቱን ለሞላው ሰው ዕዳውን መክፈል ጀመረ እንጂ።

ይህን በሌላው ላይ መፍረድ ይቀላል። እኛ ግን ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰን ወደ ቢሮ የገባን ሰዎች፣ ከመካከላችን አንዱ በነጻ ትምህርት ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ በደስታ ሸኘነው፤ በማዕረግ መመረቁን ስንሰማም ኮራንበት። ተመልሶ መጥቶ የአንድ ባላገር አቤቱታ ፊርማ ፍለጋ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ስንት ቀን እንደሚፈጅ ቈጥሮ በስብሰባ ላይ ባነበበ ጊዜ ግን፣ «ያስተማረውን መሥሪያ ቤት አዋረደ» ብለን ፊታችንን አዞርንበት። ቍጥሩ ሐሰት ነው ያለ ከመካከላችን አንድ እንኳ አልነበረም። ደጅ ሲጠና የከረመው ባላገር በዚያ ስብሰባ ላይ ቢኖር ኖሮ፣ ወጪት ሰባሪ የሚለው እርሱን ነበርን? ወይስ እኛን?

ዘር የሰጠ ሰው አዝመራውን ይጠብቃል እንጂ ዘሩ እንደ ነበረ እንዲመለስለት አይሻም። ሩቅ ሄዶ የለመለመ ተማሪም ያየውን እውነት ደብቆ አንገቱን ደፍቶ እንዲኖር ከፈለግን፣ ትምህርቱን ነጻ ብለን መጥራታችን ስሕተት ነው። እርሱ እውነቱን በትሕትና ይናገር፤ እኛም ሳንቈጣ እንስማው። ያን ጊዜ ዕዳው ለባለቤቱ ይደርሳል።